ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለሐረር ቤት፦ ስለ ታንከሩ፣ ስለ መቆሚያውና ስለ ገዛሁበት ሱቅ

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሐረር ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ባለ 2,000 ሊትር ጥቁር ሮቶ ይበቃል። ዕቃው ጥሩ ነው፣ የገዛሁበትም ሱቅ ታማኝ ነው። ችግር የሚመጣው ከታንከሩ ሳይሆን ከአጃቢዎቹ ነው። ከመቆሚያው፣ ከክዳኑ፣ ሲሞላ ከሚዘጋው ተንሳፋፊ፣ ከትርፍ ውኃ መውጫው። ሰው ገንዘቡን በሙሉ ትልቁ ፕላስቲክ ላይ ያፈስና ለቀሪው "እንደምንም ይሆናል" ይላል። ብሩ የሚበላው እዚያ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጤና አብሮ ይሄዳል።

ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት ውኃችን ከየት እንደሚመጣ መናገር አለብኝ። ታንከር የምንገዛው "ውኃ ይጠፋል" ብለን ነው። ለምን እንደሚጠፋ ያወቀ ሰው ግን አገዛዙም ይለያል።

ሐረር ለብዙ ዓመታት ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ዝናብ አንሷል፣ እውነት ነው። ግን ዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ እየወረደ ወለሉን ሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት የሚስበው ፓምፕ በዛ፣ ከተማዋም በላዩ ላይ ትቀዳ ነበር። እና የተፈጥሮ አደጋ እንበለው ወይስ የሰው? እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም፤ መለየትም ያለብን አይመስለኝም። ድርቁ ብቻውን ቢመጣ ሐይቁ ምናልባት ይችለው ነበር። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ ይዟል፣ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። የከተማዋ ቧንቧ ግን በዚያ መሃል ሌላ ቦታ ሄዷል።

የሄደው ወደ ታች ነው። ድሬዳዋ አካባቢ፣ ሐሰሊሶ ከሚባለው የጉድጓድ ውኃ። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 1,900 ሊሞላን ትንሽ ነው የቀረን፣ በመሃል ደግሞ ከሁለታችንም ከፍ የሚለው የደንገጎ ተራራ አለ። በደንገጎ መንገድ በሚኒባስ የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ያንን ዳገት ውኃው በፓምፕ ነው የሚወጣው፤ በአንድ ትንፋሽም አይደለም፣ በየጣቢያው እየተጠራቀመ በሌላ ፓምፕ እየተገፋ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የፊዚክስ ሕጉ ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፣ የፓምፑ ብክነት ሳይቆጠር። ስለዚህ የእኔ ታንከር አንድ ጊዜ ሲሞላ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ውስጡ አለ ማለት ነው። ይህን ካሰላሁ በኋላ ቧንቧ ከፍቼ ሰሃን ማጠብ አቆምኩ።

ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። ከጣቢያዎቹ አንዱ ላይ መብራት ቢጠፋ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። መብራቱ ተመለሰ ማለት ደግሞ ውኃው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ የተራቆተው ቧንቧ መሞላት አለበት፣ አየሩ መውጣት አለበት፣ ማጠራቀሚያዎቹ ደረጃቸውን መያዝ አለባቸው። አጭር የመብራት መጥፋት ረጅም የውኃ መጥፋት ይሆናል። መብራቱ ራሱ ከመሃል አገር በረጅም መስመር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንድ ማማ ነፋስ ሲጥለው፣ ወይም ሰው የማማውን ብረት ፈትቶ ለውዳቂ ብረት ገዢ ሲሸጠው፣ ሐረር ላይ ቧንቧ ይደርቃል። ያ ሰው ብረቱን የሸጠበት ዋጋና ያደረሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሚራራቁ ሳስበው ያናድደኛል።

ጎርፉም አለ። የሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬ ላይ የሆነውን እዚህ አካባቢ ያለ ሰው አይረሳውም። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይገበያይበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ላይ፣ በእኛ በኩል ባለው ደጋ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ተኝቶ ሳለ ይደርስበታል። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ከሰው ሕይወት ቀጥሎ ቧንቧ ማውራት ይከብዳል፣ ግን ጎርፍ ለቧንቧም ያው ጎርፍ ነው። ቧንቧ ደረቅ ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ ውኃው አሸዋውን እየጠረገ ቧንቧውን ያጋልጠዋል፣ ከዚያ የሚንከባለል ድንጋይ ይመታዋል። ከደጋው ወደ ድሬ የሚወርደው ሸለቆ ደግሞ ብዙ ነው።

ታንከሩ እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ነው። ለሁለት ሰዓት መቋረጥ ከሆነ ሁለት በርሜል ይበቃል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አምስት ሰው ያለበት ቤት ቆጥቦ በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር ነው። 2,000 ሊትር አሥር ቀን ያቆያል። ነገሩ ከከፋ፣ በአደጋ ጊዜ ለእርዳታ ሥራ የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ በዚያ ሂሳብ ሦስት ሳምንት ያልፋል። ባለ 5,000 የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። ለሆቴል ካልሆነ አልመክርም። ውኃ ሲቆይ ክሎሪኑ ይጠፋል፣ ያጠራቀማችሁት ብዙ ሆኖ የምትጠጡት ጥሩ አይሆንም።

ወደ ዕቃው እንምጣ። የእኔ ባለ ብዙ ድርብ ነው፣ ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ ፈካ ያለ። ጥቁሩ ለጌጥ አይደለም፤ ብርሃን ከገባ ውኃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡና ወደ ግድግዳው ተመልከቱ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቦታ ካለ ተዉት። አሽትቱት። አዲስ ፕላስቲክ ትንሽ ይሸታል፣ ታጥቦ ይጠፋል፣ ኃይለኛ የጎማ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ጥሬ ዕቃው ጥሩ አይደለም። የታችኛውን ጠርዝ በእጃችሁ ዳብሱት፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የእኔ ክረምትም በጋም አይቶ ቀለሙን አልለቀቀም፣ አልተነፋም፣ ምንም የማማርርበት ነገር የለም።

ሱቁ ሸዋ በር አካባቢ ካሉት የቧንቧ ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ነው። ስሙን ያልጻፍኩት ለማስታወቂያ እንዳይመስል ነው። ባለሱቁ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ዋጋ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ ታንከሩን ማንም ይሸጥልሃል፤ ከሥሩ ምን ታስቀምጥለታለህ?" ብለው ነው። ሊሸጡልኝ ሲችሉ ባለ 3,000ውን አልገፉብኝም። ደረሰኝ ሰጡኝ፣ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ከፍተው አሳዩኝ፣ የሚያደርሰው ልጅም ግቢ ድረስ አስገባው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ነገ ሌላ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቄ የእሳቸው ከሁሉም ርካሹ አልነበረም፣ ታማኙ ነበር። የጎደላቸው አንድ ነገር አለ፣ እመለስበታለሁ።

መቆሚያ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ልበል፣ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ።

2,000 ሊትር ውኃ 2 ቶን ነው። ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ፣ እናቶች ከሥሩ ልብስ ያጥባሉ። ብየዳ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት አራት እግር ያለው ብረትና ከላይ የተራራቀ ፍርግርግ ነው። ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ የሮቶ መቀመጫ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማረፍ አለበት፤ ፍርግርጉ ላይ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ በክፍተቱ በኩል ይረግባል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ወፍራም ላሜራ ወይም ጠንካራ ጣውላ አስደርጉበት። ሁለተኛ፣ እግሮቹን በሰያፍ የሚያስተሳስር ብረት ከሌለ መቆሚያው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ምንም ነገር እስካልገፋው ድረስ ነው። እግሩ ደግሞ አፈር ላይ ከሆነ ክረምት አፈሩን ያለሰልሰዋል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ መቆሚያ ሙሉ ታንከር ተሸክሞ ሐምሌ ላይ ተጋድሟል። ሰው አልነበረም፣ ተመስገን፤ የአጥሩ ብሎኬት ግን ተንዷል። እግሮቹን ኮንክሪት ውስጥ አስቀብሩ። በያጁ "አያስፈልግም" ቢላችሁም አስቀብሩ።

የመሬት መንቀጥቀጥም ተረት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድሩ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ታኅሳስ 26 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር፣ ብዙ ሺህ የአፋርና የኦሮሚያ ሰው ከቀዬው ተነሳ። ያ ቦታ ከእኛ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። ወደ እኛ የሚመጣው አስፋልትና ባቡር በዚያው አካባቢ ነው የሚያልፈው፤ የፓምፕ መለዋወጫውም ሮቶውም ከመሃል አገር የሚመጣው በዚያ ነው። እኛም ከስምጥ ሸለቆው አጠገብ ነን። ስለዚህ ከታንከሩ የሚወጣውን የመጀመሪያ ግማሽ ሜትር በደረቅ የብረት ቧንቧ አታሠሩት፣ ተጣጣፊ ቱቦ ይሁን። መቆሚያው ትንሽ ሲወዛወዝ ደረቁ ቧንቧ ታንከሩን መውጫው ላይ ይሰነጥቀዋል፣ ያኔ 2,000 ሊትሩ በአንዴ ግቢ ላይ ነው። ተጣጣፊው ዋጋው ትንሽ ነው። እና ደግሞ ባዶ ታንከር ነፋስ ያነሳዋል፤ በበጋ ውኃ ጠፍቶ ባዶውን ሲቀር ነው አደጋው፣ በሽቦ ገመድ እሰሩት።

ከፍታውን በተመለከተ ብዙ አትድከሙ። የ3 ሜትር መቆሚያ የሚሰጣችሁ ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። ለወጥ ቤትና ለሽንት ቤት ይሆናል። ለሻወር ደከም ይላል። የእኔ ዝቅ ያለ ነው፣ አልጸጸትም፣ ማጽዳቱ ቀለለኝ።

ተንሳፋፊው፣ ማለትም ውኃው ሲሞላ ቧንቧውን የሚዘጋው ኳስ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ፕላስቲኩን ተዉት፣ የነሐሱን ግዙ። ሁለቱንም የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፣ ድንጋዩ። የድሬ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ከዚያ ድንጋይ የሚወጣ ውኃ የኖራ ማዕድን የበዛበት፣ ጠንካራ የሚባለው ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚቀመጠው ነጭ ቅርፊት ተንሳፋፊው አፍ ላይም ይቀመጣል፣ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል፣ ሌሊት ሌሊት ውኃው በትርፍ መውጫው ሲፈስ ያድራል። ስንት ፓምፕ አልፎ ዳገት የወጣ ውኃ! በየጊዜው ፈትታችሁ በሎሚ ወይም በአቼቶ ዘፍዝፉት፣ ይለቃል።

አሁን ክዳኑ። ይህን ክፍል ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ወረርሽኝ ነበረባት። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ገባ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ፤ ድሬ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው የለምና እዚህም ብዙዎቻችን ጉልበቱን ይዞ የሚያቃስት ሰው ጠይቀናል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው የምትወደው። በርሜል፣ ባልዲ፣ ክፍት ሮቶ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። እሷም ታንከር ውስጥ ትራባለች፣ ከተማ ትወዳለች። በ2014 ድሬ ላይ በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ወቅት፣ ለተነሳው ወባ ተመራማሪዎች የጠቆሙት እሷን ነው። ሰንሰለቱን አያችሁት? መስመሩ ይቋረጣል፣ ሰው ውኃ ያጠራቅማል፣ ያጠራቀመው ውኃ ትንኝ ያረባል፣ ሆስፒታል ይሞላል። ሐረር ከድሬ ትቀዘቅዛለች፣ ያ ግን ክዳን ክፍት ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ክዳኑ በጥርስ የሚጠመዘዝ ይሁን፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን አትግዙ። የሱቁን ሰውዬ አስፈትናችሁ ግዙ፣ እስከ መጨረሻ መዞሩን እዩ። የትርፍ ውኃ መውጫውና የአየር መተንፈሻው አፍ ላይ ጠበቅ ያለ ወንፊት አስሩበት። ብዙ ሰው ክዳኑን በድንጋይ ጭኖ ያንን ቀዳዳ ይረሳዋል፤ ትንኟ ደግሞ በር ነው የምትፈልገው፣ የትኛው በር ግድ የላትም።

ዲናሞን፣ ማለትም የውኃ መሳቢያ ሞተሩን፣ በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። አቦ፣ እባካችሁ ዲናሞውን ከመንግሥት መስመር ላይ በቀጥታ አትግጠሙ! ውኃ ስትቀንስ ከቆጣሪው ጋር አያይዞ መሳብ የተለመደ ሆኗል። ጎረቤታችሁ የሚደርሰውን ትስባላችሁ፣ ይህ አንድ ነው። ሌላው የከፋ ነው፦ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲጠፋና እናንተ ስትስቡ፣ በየስንጥቁ በኩል ከአፈሩ፣ አንዳንዴም ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ያለው እርጥበት ወደ ቧንቧው ይገባል። ያንን ራሳችሁም ትጠጣላችሁ፣ ከእናንተ በታች ያለችውም አራስ ትጠጣለች። መስመሩን ጎርፍ ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። መጀመሪያ መሬት ላይ ያለ ትንሽ ታንከር በራሱ ይሙላ፣ ዲናሞው ከዚያ ወደ ላይ ይግፋ። ውኃ ከተቋረጠች በኋላ ስትመለስ ደግሞ የመጀመሪያውን ደፍራሽ ወደ ታንከሩ አታስገቡ፣ ለአትክልት ወይም ለወለል አውሉት። ለመጠጥ ያቆያችሁትን አፍሉት፣ ወይም ክሎሪን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩበት።

ጀጎል ውስጥ ለምትኖሩ የተለየ ነገር አለ። የገይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጣሪያ ለ2 ቶን አልተሠራም። ድንጋይና ጭቃ፣ በላዩ እንጨትና አፈር ነው፤ አያቶቻችን የሠሩት ለዘመናት የቆመው ከአቅሙ በላይ ስላልተጫነ ነው። ጥቁር ሮቶ ጣሪያ ላይ ከተጫነ አንድ ጠብታ ሲያፈስ ጭቃው ይረጥባል፣ ግድግዳው ከውስጥ ይለቃል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባችው እነዚያ ቤቶች ስላሉም ጭምር ነው። ግቢው ላይ፣ መሬት ላይ፣ ሁለት ባለ 500 ሊትር ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ በቂ ነው። ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የመተላለፊያችሁንና የበራችሁን ስፋት በሜትር ለኩ፤ ባለ 1,000 በአንዳንዱ ቀጭን መንገድ አያልፍም፣ ቦቴም አይገባላችሁም፣ አህያ በጀሪካን ነው የምታመላልሰው።

የጎደላቸው አለ ያልኩት ወንፊቱ ነው። ሱቁ ታንከር ይሸጣል፣ ተንሳፋፊ ይሸጣል፣ ተጣጣፊ ቱቦ ይሸጣል፣ የትርፍ መውጫ መሸፈኛ ግን የለውም። ለሽማግሌው ነግሬያቸዋለሁ፣ "የሚጠይቅ የለም" አሉኝ። እንግዲህ ስትሄዱ ጠይቁ፣ አሥር ሰው ከጠየቀ ያመጣሉ። እስከዚያው ለመስኮት የሚሆነውን የትንኝ መረብ በሜትር ገዝታችሁ አጣጥፋችሁ በሽቦ እሰሩት፣ የእኔ እንደዚያ ነው ያለው።